ቤቱ የሠራተኛው ቢሆንም ግዴታው የአሠሪው ነው

ከቢሮ ርቀው፣ ከቤታቸው ሆነው ለድርጅት የሚሠሩ ሰዎች በዙሪያችን በዝተዋል። ሒሳብ የሚዘጉ አሉ፤ ሰነድ የሚተረጉሙ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚይዙ፣ የደንበኛ ስልክ የሚመልሱ፣ ሶፍትዌር የሚሠሩ አሉ። ጥልፍ የሚጠልፉ፣ ነጠላ የሚሸምኑ፣ ጥጥ የሚፈትሉም ከእነርሱው ጋር ይቆጠራሉ። የብዙዎቹ ውል «የአገልግሎት ውል» ይላል፤ ውል ካላቸው ማለታችን ነው። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ «ፍሪላንሰር» ይባላሉ። በዚህች አንዲት መጠሪያ ጡረታው፣ የዓመት ዕረፍቱ፣ የወሊድ ፈቃዱ፣ የስንብት ክፍያው፣ በየወሩ ከደመወዝ ተቆርጦ ለመንግሥት መግባት የነበረበት ግብር፣ ሁሉም ከመዝገብ ይጠፋል።

የዝግጅት ክፍላችን አቋም ግልጽ ነው። በአሠሪው ትእዛዝ፣ አሠሪው በወሰነው ሰዓት፣ ለአንድ አሠሪ ብቻ የሚሠራ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ስለሠራ ነጋዴ አይሆንም። ሠራተኛ ነው። እንደ ሠራተኛ ሊመዘገብ፣ ግብሩ እንደ ሠራተኛ ሊቆረጥ፣ መብቱም እንደ ሠራተኛ ሊከበርለት ይገባል። በፍሪላንስ ስም ከዚህ መሸሽ ሕግ መጣስ ነው፤ የዘመኑ አሠራር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በእውነት ራሳቸውን ችለው የሚሠሩትን ግን ከዚህ ጋር አንቀላቅልም። ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው የሚሠራ፣ ዋጋውን ራሱ የሚናገር፣ ሥራውን በፈለገው ሰዓትና መንገድ አጠናቅቆ የሚያስረክብ፣ ካልፈለገ «አልችልም» ብሎ የሚመልስ ባለሙያ አለ። ያ ሰው ነጻነቱን መርጧል፤ ሕጉም ያውቀዋል። የምንናገረው ነጻነቱን ሳያገኝ ዋስትናውን ብቻ ስላጣው ነው። ስለ ቤት ሠራተኞችም አይደለም የምንጽፈው፤ የእነርሱ ጉዳይ የራሱ ሰፊ ቦታ ያስፈልገዋል።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ላይ መልስ አላጣም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 4 አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ፣ ወይም አንድን ሥራ ለመሥራት ሲስማማ የሥራ ውል ተመሥርቷል ይላል። በአንቀጽ 3 ደግሞ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራውን ሰው ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም ተቀጣሪውን የሚለየው በዚያው መስመር ነው፦ በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ተቀጣሪ ነው፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የመወሰን ሥልጣኑን በዋናነት በእጁ ያቆየ ግን ራሱን ችሎ የሚሠራ ነው። የሥራ ሕጉና የግብር ሕጉ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የውሉን ርዕስ ማንበብ አይበቃም። የሥራውን ቀን መመልከት ያስፈልጋል። ባለሙያዋ ጠዋት 2፡30 ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ የቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ መግባቷን አሳውቃ፣ ቀኑን ሙሉ በአለቃዋ መልእክት እየተመራች እስከ 11፡30 ትቆያለች? ለሕክምና ስትወጣ ፈቃድ ትጠይቃለች? ለሌላ ድርጅት እንዳትሠራ ተከልክላለች? ክፍያዋ ሥራ በዛም አነሰም በወሩ መጨረሻ ያው ነው? እንዲህ ከሆነ ውሉ «የአገልግሎት» ቢልም፣ «የምክር» ቢልም፣ «የትብብር» ቢልም እርሷ ተቀጣሪ ናት። የሥራ ውል ለመመሥረት የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ በቃልም ይመሠረታል። በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ባለመስጠቱ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የሥራ ውል ደግሞ ሕጉ ከሚሰጠው ያነሰ ሁኔታ ሊይዝ አይችልም። «እርሷም ተስማምታለች» የሚለው መከላከያ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ከሥራ ሕጉ ውጭ ለሚቀረው ባለሙያም ቢሆን መሬቱ ባዶ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት ዋጋ እየተከፈለው የሚገባውን ውል ይገዛል። በቁጥር 2632 ደግሞ የእውቀት ሥራን የሚመለከት የራሱ ውል አለ፤ ተርጓሚው፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ አማካሪው እዚያ ይገባሉ። ስለዚህ አሠሪ ሆይ፣ ባለሙያው በእርግጥ ራሱን የቻለ ከሆነ በዚያ ሕግ መሠረት እውነተኛ ውል ጻፍለት። የሥራውን ዝርዝር፣ የማስረከቢያውን ቀን፣ ዋጋውን፣ ክፍያው የሚፈጸምበትን ጊዜ፣ የሥራው ውጤት ባለቤትነት ወደ ማን እንደሚሄድ ግለጽ። ከቅጥር ውል ላይ መብቶቹን ሰርዞ ትእዛዞቹን ብቻ ማስቀረት የአገልግሎት ውል አይባልም።

አሁን ብዙዎች ወደማያነቡት ድንጋጌ እንምጣ። አዋጅ 1156/2011 በልዩ የሥራ ውሎች ክፍሉ፣ ከአንቀጽ 46 ጀምሮ፣ በቤት ውስጥ ስለሚከናወን ሥራ ይናገራል። አንድ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ወይም ራሱ በነጻነት በመረጠው ሌላ ቦታ፣ አሠሪው በቀጥታ ሳይቆጣጠረው ወይም ሳይመራው፣ ደመወዝ እየተከፈለው በመደበኛነት ለአሠሪ የሚሠራ ከሆነ የቤት ውስጥ ሥራ ውል አለ። ይህ ድንጋጌ አዲስ አይደለም፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ነበረ። ትርጉሙ ከባድ ነው። አብዛኛው አሠሪ «እኛ አንቆጣጠረውም፤ ቤቱ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ሠራተኛችን አይደለም» ይላል። ሕጉ ግን የቀጥታ ቁጥጥር አለመኖሩን አስቀድሞ አስቦበታል፤ አስቦበትም ሰውየውን ከሥራ ሕጉ ጥላ አላስወጣውም።

ሕግ አውጪው ይህን ሲጽፍ በዓይነ ሕሊናው የነበረው የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ይመስለናል። የሸማ ነጋዴው ድሩንና ማጉን ለሸማኔው ይሰጣል፤ ሸማኔው ከጓዳው ጉድጓድ ገብቶ ይሸምናል፤ ነጠላው ወይም ጋቢው ሲያልቅ ወደ ነጋዴው ይመለሳል። አንዳንዱ ነጋዴ ክሩን «ሸጥኩለት» ይላል፤ ነጠላውንም «ገዛሁት» ይላል። በወረቀት ሁለት ነጋዴዎች የተገበያዩ ይመስላል። አንቀጽ 46 በንኡስ አንቀጹ ይህንኑ ለይቶ ያነሣዋል፦ አሠሪው ጥሬ ዕቃ ወይም መሣሪያ ለሠራተኛው ሸጦ ምርቱን መልሶ የሚገዛበት ስምምነት፣ ወይም ይህን የመሰለ ሌላ አሠራር፣ የቤት ውስጥ ሥራ ውል እንደሆነ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ አነጋገር በሕጎቻችን ውስጥ ብዙ አይገኝም። የሽያጩ ሽፋን ከተገፈፈ በኋላ የሚቀረው እውነት ሸማኔው የጉልበቱን ዋጋ እየተቀበለ ለነጋዴው መሥራቱ ነው። በቤቷ ጥጥ እየፈተለች ለአንድ ሱቅ የምታስረክብ እናትም በዚያው ድንጋጌ ውስጥ ናት። ለአንድ ድርጅት በየሳምንቱ የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የምትገለብጥ ወጣትም እንዲሁ።

ድንጋጌው ግን ጎደሎም አለበት፤ መሸፋፈን አንፈልግም። የቤት ውስጥ ሥራ ውል ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ እንደተደረገ ስለሚቆጠር ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ያለውን ያህል ዋስትና አይሰጥም። ከአዋጁ የትኞቹ ድንጋጌዎች ለእነዚህ ሠራተኞች እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚሠሩ በመመሪያ የመወሰን ሥልጣንም ለሚኒስትሩ ተሰጥቷል። ዛሬ ያ ኃላፊነት በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ትከሻ ላይ ነው። በላፕቶፕ የሚሠራው ሥራ ከሽመናና ከፈትል እኩል በስም ተጠቅሶ፣ ዕረፍቱ፣ ጉዳቱ፣ የክፍያው ጊዜ በማያሻማ መንገድ ሊወሰንለት ይገባል። ይህን ከሚኒስቴሩ አጥብቀን እንጠይቃለን።

እስከዚያው ድረስ ግን ማንም አሠሪ መመሪያ ልጠብቅ የማይልበት አንድ ግዴታ አለ። አንቀጽ 47 በቤት ውስጥ ሥራ ውል የሚያሠራ አሠሪ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። የሠራተኛው ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታና አድራሻ፤ ሥራው የሚሠራበት ቦታ፤ የሰጠው ጥሬ ዕቃ ዓይነት፣ ዋጋ፣ ጥራትና መጠን፤ ያዘዘው ሥራ፤ የመረካከቢያው ጊዜና ቦታ፤ የክፍያው መጠንና አከፋፈል በዚያ ውስጥ ይሰፍራል። ይህ መዝገብ ያለው የሸማ ነጋዴ፣ የትርጉም ድርጅት ወይም የሶፍትዌር ኩባንያ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ በዘርፉ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሕጉ ዕድሜን ከስም ቀጥሎ የጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በሽመና ሥራ ውስጥ የሕፃናት ጉልበት መኖሩ የአደባባይ ምስጢር ነው። አዋጁ ዝቅተኛውን የመቀጠሪያ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጎታል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት ይከለክላል። የሥራ ተቆጣጣሪ የሰው ጓዳ እየከፈተ ሊፈትሽ አይችልም። የአሠሪውን መዝገብ ግን ሊጠይቅ ይችላል። ዕድሜ የሚጻፍበት መዝገብ ከሌለ በየጓዳው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ልጅ ለሕግ አይታይም።

ወደ ግብሩ እንሂድ፤ ፈተናው ያለው እዚህ ነው። በወር 20,000 ብር የሚከፈላትን አንዲት ባለሙያ እናስብ። ተቀጣሪ ከሆነች፣ በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የወጣው ሠንጠረዥ ይሠራባታል። የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው 15፣ 20፣ 25፣ 30፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይታሰብበታል። ሲደመር የሥራ ግብሩ 4,950 ብር ይመጣል። የጡረታ መዋጮዋ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,400 ብር ነው። እጇ ላይ የሚገባው 13,650 ብር ይሆናል። አሠሪው ደግሞ በራሱ በኩል 11 በመቶ ጡረታ፣ 2,200 ብር፣ ይጨምራል፤ ስለዚህ ባለሙያዋ ለድርጅቱ 22,200 ብር ታስወጣዋለች።

ያችው ባለሙያ «ፍሪላንሰር» ተብላ ደረሰኝ ብትሰጥስ? ማሻሻያው ለአገልግሎት ክፍያ ተቀንሶ የሚያዘውን ግብር፣ በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ የምንለውን፣ ከ2 ወደ 3 በመቶ አሳድጎታል፤ መነሻውንም ከ3,000 ወደ 10,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ከ20,000 ብር 600 ብር ይቀነሳል፤ 19,400 ብር እጇ ይገባል። ድርጅቱም 2,200 ብሩን ያተርፋል። በመጀመሪያው ወር ሁለቱም የተጠቀሙ ይመስላቸዋል። እርሷ 5,750 ብር ጨምራለች፤ ድርጅቱ ወጪው ቀንሷል። ግብር ከፋዩ ሕዝብና የጡረታ ፈንዱ ብቻ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልተቀመጡም።

ይህ ስሌት የሚያታልለው ሲሶው ብቻ ስለሚታይ ነው። የተያዘው 3 በመቶ የመጨረሻ ግብር አይደለም፤ ቅድሚያ የተከፈለ ነው። ባለሙያዋ የንግድ ገቢ እንዳላት ተቆጥራ በሠንጠረዥ «ሐ» ዓመታዊ ገቢዋን የማሳወቅ ግዴታ አለባት። ይህን የነገራት የለም። ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ክሊራንስ ስትጠይቅ፣ ወይም ፈቃድ ልታድስ ስትሄድ፣ ያልተከፈለው ግብር ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይጠብቃታል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) የሌላት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከመጀመሪያው ይከፋል። አዋጅ 979/2008 ቲን ላላቀረበ አገልግሎት ሰጪ ክፍያ የሚቀነሰውን 30 በመቶ አድርጎታል። ከ20,000 ብር 6,000 ብር ማለት ነው፤ ተቀጣሪ ብትሆን ከምትከፍለው የሥራ ግብር ይበልጣል። ይህን ለመሸሽ አንዳንዱ ሒሳብ ክፍል ክፍያውን ከመነሻው በታች እየበጣጠሰ በየሳምንቱ ይከፍላል፤ ሌላው በጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ ወጪውን በሌላ ስም ይመዘግባል። የመጀመሪያው መሸሽ ነው፤ ሁለተኛው ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ሁለቱንም «ሠራተኛውን ለመርዳት ብለን ነው» በሚል ቃል ልናልፋቸው አንችልም።

ለአሠሪውም ቢሆን ቁጠባው ዋስትና የለውም። የግብር ኦዲተር ውሉን አይቶ «ይህ ቅጥር ነው» ካለ፣ ያልተቆረጠው የሥራ ግብር የሚጠየቀው ከድርጅቱ ነው። ቆርጦ የማስገባት ግዴታ ያለበት ወገን ሳይቆርጥ ከቀረ ራሱ ዕዳ ያለበት ይሆናል፤ ከሠራተኛው የማስመለስ መብት ቢኖረውም ሠራተኛው በዚያን ጊዜ የት እንዳለ ማን ያውቃል? ከላይ በሰጠነው ምሳሌ አንድ ዓመት ብቻ ቢታሰብ የሥራ ግብሩ 59,400 ብር፣ ሁለቱ ወገኖች የሚያዋጡት ጡረታ ደግሞ 43,200 ብር ነው። አምስት እንዲህ ያሉ «ፍሪላንሰሮች» ያሉት ትንሽ ድርጅት ቅጣትና ወለድ ሳይታሰብ ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ነው ያለው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን በሒሳብ ደብተር የማይታየው ጉዳት ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ዕድሜ ልክ የሚከፈል ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በሐሰተኛ ፍሪላንስ የተሠራ ዓመት በዚህ አይቆጠርም። ሰባት ዓመት የአንድ ድርጅት ሒሳብ ከቤቷ ስትሠራ የኖረች ሴት በጡረታ መዝገብ ላይ አንድ ቀን እንኳ የሠራች አትመስልም። ልጅ ስትወልድ 30 የቅድመ ወሊድና 90 የድኅረ ወሊድ የሥራ ቀናት ከነደመወዙ ሊሰጣት ይገባ ነበር፤ እርሷ ግን በወለደች በሳምንቷ ሕፃኑን ታቅፋ ታይፕ ታደርጋለች፤ ካልሠራች አይከፈላትምና። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ይገባት ነበር። ሕጉ የሚፈቅደው የስንብት ክፍያም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለየተጨማሪው ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። ያልተፈለገች ቀን ግን ከቴሌግራም ቡድኑ ትወጣለች፤ በቃ። ከቤት የሚሠሩት ብዙዎቹ እናቶች መሆናቸውን፣ ከነርሱም አካል ጉዳተኞችና የታመመ ወላጅ የሚያስታምሙ እንደሚገኙ ስናስብ ጉዳዩ ከግብር ክርክር በላይ ይሆንብናል። ከቤት መሥራት ለእነዚህ ሰዎች እንጀራ ያገኙበት በር ነው። ያ በር መብታቸውን ጥለው የሚገቡበት ደጃፍ መሆን የለበትም።

የሥራ መሣሪያም ጉዳይ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በአንቀጽ 12 በውሉ ሌላ ካልተባለ በስተቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ዕቃ የሚያቀርበው አሠሪው ነው ይላል። ከቤት ለሚሠራው ሠራተኛ ይህ ማለት ኮምፒውተሩ፣ የኢንተርኔቱ ክፍያ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያሠራው ባትሪ ነው። ብዙ ቦታ ይህን ሁሉ ሠራተኛው ከኪሱ ይሸፍናል፤ የቢሮ ኪራይ የቆጠበው ድርጅት ግን አንድ ብር አይጨምርም። አደጋም አለ። የኤሌክትሪክ ልብስ ስፌት መኪና ጣት ሲወጋ፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት መሆኑን ለማስረዳት ምስክር የለም። ስለዚህ ሥራው የሚሠራበት ቦታና ሰዓት በውሉ መጻፉ ለሠራተኛው ጥበቃ ነው፤ ጉዳት የሚሸፍን የመድን ዋስትና መግዛቱም ለአሠሪው ከክርክር ይሻለዋል።

እውነተኛ ነጻ ባለሙያ የሚያሠራ ድርጅትስ? ግዴታው ቀላል ነው፤ ግን አለ። ከመክፈሉ በፊት የቲን ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ደረሰኝ ይቀበል፤ 3 በመቶውን ቀንሶ በወቅቱ ያስገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ ብዙ ባለሙያ የሚያማርርበት ነው፦ የተቀነሰበትን ደረሰኝ መስጠት። ድርጅቱ ይቀንሳል፤ ደረሰኙን ግን አይሰጥም፤ ወይም ባለሙያው ሰባት ጊዜ ተመላልሶ በስንተኛው ወር ያገኘዋል። ያ ወረቀት ከሌለው ባለሙያው የከፈለውን ግብር እንደገና ይጠየቃል። ደረሰኙን ያልሰጠ ድርጅት የሰው ገንዘብ ይዞ ስለመቀመጡ ምንም ማስተባበያ የለውም። የክፍያ መዘግየትም እንዲሁ ነው፤ ሥራው በቀን ገደብ ተጠይቆ ክፍያው ያለ ቀን ገደብ መቆየቱን ውሉ ሊከለክለው ይገባል። ሌላም አዲስ ግዴታ አለ። ከቤት የሚሠራው ሰው የደንበኞች ስልክ፣ የሕመምተኞች መዝገብ፣ የተማሪዎች ውጤት በግል ኮምፒውተሩ ላይ ይይዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ያንን መረጃ የሰጠው ድርጅት «ፍሪላንሰሩ ነው ያባከነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ አይችልም።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም በዚህ ውስጥ አሉ። በዋሽንግተንና አካባቢው ያለ ትንሽ የሒሳብ ቢሮ ወይም የቪዲዮ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ባለሙያ ሥራ ሲሰጥ የአሜሪካ ሕግ ሥራው የተሠራበትን ቦታ ይመለከታል። አሜሪካዊ ያልሆነ ሰው ከአሜሪካ ውጭ የሠራው አገልግሎት ገቢው የውጭ ምንጭ ስለሆነ ከፋዩ ግብር አይቀንስበትም፤ ለዚህም ባለሙያው ደብልዩ-8ቤን የተባለውን ቅጽ ሞልቶ ለከፋዩ ይሰጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እንግዲያው ግብር የለብኝም» ይላል። አይደለም። የኢትዮጵያ ነዋሪ በዓለም ዙሪያ በሚያገኘው ገቢ ላይ ለኢትዮጵያ ግብር ይከፍላል። በዶላር የተከፈለ ሥራ ከግብር አያመልጥም፤ በሕጋዊ ባንክ መምጣቱም ባለሙያውን ነገ ገቢውን ለማስረዳት ይጠቅመዋል።

መንግሥትም ከዚህ ክስ ነጻ አይደለም። አንድን ወጣት ተርጓሚ ወደ ሕጋዊው መንገድ ና ብለን ስንጠራው ፈቃድ ለማውጣት፣ አድራሻ ለማስመዝገብ፣ ደረሰኝ ለማሳተም፣ በየጊዜው ለማሳወቅ የሚያወጣው ጊዜና ገንዘብ ከገቢው ጋር መመጣጠን አለበት። የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጁ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነውን ግለሰብ ግብር ከፋይ ወደ ደረጃ «ለ» ማምጣቱና ሦስቱን ደረጃ ሁለት ማድረጉ ነገሩን አቅልሎታል። የገቢዎች ሚኒስቴር ከዚህ አንድ እርምጃ ይሂድ፦ በቤታቸው ብቻቸውን ለሚሠሩ ባለሙያዎች በፋይዳ መታወቂያ ብቻ የሚመዘገቡበት፣ ደረሰኝ በስልክ የሚቆርጡበት፣ የተቀነሰባቸውን ግብር በራሳቸው ገጽ ላይ የሚያዩበት መንገድ ይክፈት። ያ ቢኖር ደረሰኝ የሚደብቀው ድርጅት መደበቂያ አይኖረውም፤ ባለሙያውም የወረቀት ልመና አይገባም። የሥራ ተቆጣጣሪዎችና የግብር ኦዲተሮች መረጃ መለዋወጥም አለባቸው። አንዱ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ያለውን ሌላው ነጋዴ እያለ ሲመዘግበው ሁለቱም ሥራቸውን አልሠሩም።

ለሠራተኛው ደግሞ አንድ ነገር እንንገረው። ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም ትርፍ ሰዓት መጠየቂያው ጊዜ 6 ወር፣ ከሥራ ያለ አግባብ ተባርሬአለሁ ብሎ ልመለስ ማለት የሚቻለው በ3 ወር ውስጥ ነው። የመልእክት ልውውጡን፣ የባንክ ዝርዝሩን፣ ፈቃድ የጠየቀበትን ጽሑፍ ይያዝ፤ ፍርድ ቤት ከውሉ ርዕስ ይልቅ እነዚያን ይመዝናል። በሥራ ክርክር ችሎት መክሰስ ወጪው ከባድ አይደለም፤ ሕጉም ውሳኔ በ60 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል።

የግብር ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ድርጅት ከቤት የሚያሠራቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ፣ አንድ በአንድ፣ ሥራውን የሚመራው ማን እንደሆነ ይመርምር። ተቀጣሪ የሆነውን በፔሮል ያስገባው፤ ጡረታውንም ይክፈል። በአንቀጽ 46 ሥር የሚወድቀውን መዝገብ ይክፈትለት። ራሱን የቻለውን እውነተኛ ውል ይጻፍለት፤ የቆረጠበትን ግብር ደረሰኝ በክፍያው ዕለት ይስጠው። ይህን ሥራ ሒሳብ ሹሙ ብቻውን አይጨርሰውም፤ ሥራ አስኪያጁ አብሮት ይቀመጥ፤ በውሉ ግርጌ የሚፈርመው እርሱ ነውና።